ማሽን ዝም ማሰኛ፦ ለጀማሪዎች

፩

ሙቀት፦ 84

ይህ የይርዳው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የግራፊክስ ካርድ ሙቀት ነው። ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ቄስ በተጠራለት። ካርዱ ሲግል ሦስቱ ማራገቢያዎቹ ይነሣሉ፤ እነሱ ሲነሡ ቤቱ ወፍጮ ቤት ይሆናል።

፪

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት ያደረገው መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ይርዳው አለ፤ ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን እንደተሠሩ አድርጎ በስክሪን የሚያሳይ፣ ሙያውንም ማንም ሳያስተምረው ከኢንተርኔት የለቃቀመ ጎልማሳ። ከመጋረጃው ወዲያ እናቱ ናቸው። ቆብ ከጫኑ ወዲህ እሱም እንደ ሰው ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል።

እማሆይ ፍልሰታን በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ሱባዔ ገብተው ያሳልፉ ነበር። ዘንድሮ እግራቸው እምቢ አለ። ደግነቱ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ የቅዳሴው ድምፅ በመስኮት ይገባል።

ማሽኑ ባይኖር።

፫

እማሆይ፦ አንተ፣ ያ ጉድህ ዛሬም ይጮኻል?

ይርዳው፦ ሥራ ላይ ነው እማሆይ።

እማሆይ፦ ሥራ ላይ ያለ እንዲህ አይጮኽም። እንዲህ ሲጮኽ ያየሁት ክፉ መንፈስ ያለበትን ነው።

ይርዳው፦ ለፍልሰታ ዝም አሰኘዋለሁ። ቅዳሴውን አልጋዎ ላይ ሆነው ይሰማሉ።

እማሆይ፦ ቃልህን ሰማሁ። እሱንም በስንት መከራ።

(በቅዳሴ ሰዓት ለምን አያጠፋውም ትል ይሆናል፣ አንባቢ። እኔም ብዬው ነበር። ሥራውን የሚያስረክበው በፍልሰታ ፍቺ ማግሥት ነው፤ መብራቱ ደግሞ እንደፈቀደው ይመጣል፣ እንደፈቀደው ይሄዳል። ያለበትን ሰዓት ማባከን አይቻልም።)

፬

ለጀማሪዎች።

በቪዲዮው ላይ ያለው ወጣት «ቀላል ነው» ይላል። አንተም ቀላል ነው በል።

ማራገቢያዎቹን ከካርዱ ላይ ፍታ። ብሎኖቹን ሰሃን ላይ አስቀምጥ። አንዷ ትጠፋለች።

በነሱ ምትክ የመዳብ ሰሌዳውን እሰር። ውሃው በሰሌዳው ሆድ እያለፈ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ራዲያተሩ ጋ ሄዶ በአንዲት ዝግተኛ ማራገቢያ ይበርዳል፤ ፓምፑ ይመልሰዋል። እንደ መኪና ነው። ቀላል ነው።

ቱቦውን አስገባ።

አይገባም።

ፍል ውሃ ውስጥ ንከረው።

አይገባም።

ጸልይ።

ገባ። በተሳሳተው በኩል።

፭

ስልክ፤ ዕቃውን ከሸጠለት ከሽመክት ጋር።

ይርዳው፦ ያንጠባጥባል።

ሽመክት፦ ከየቱ ጋ?

ይርዳው፦ ከየቱ ጋ የማያንጠባጥብ ብትለኝ ይቀለኛል።

ሽመክት፦ ጋሽ ይርዳው፣ ቀለበቶቹንስ አስገብተዋል? ትንንሾቹን፣ ጥቁር ላስቲኮቹን።

ይርዳው፦ ... እነሱን ከካርቶኑ ጋር ጥያቸዋለሁ።

ሽመክት፦ (ይስቃል) እልክልዎታለሁ። ደግሞ የቧንቧ ውሃ እንዳይጨምሩ። የተጣራውን፣ የባትሪ ውሃ የሚሉትን። አፈርና ጨው ያለው ውሃ ሰሌዳውን ይደፍነዋል። ከደፈነው ካርዱን ይርሱት።

ይርዳው፦ ቀላል ነው ብለኸኝ ነበር።

ሽመክት፦ እኔ አላልኩም። ቪዲዮው ነው።

ካርዱ ከተቃጠለ ይርዳው ሥራ የለውም። ሌላ ካርድ የሚገዛበት አቅምም የለውም። ይህን ጻፍኩት፣ ኋላ እንዳትረሳው።

፮

የተጣራውን ውሃ በሃይላንድ ገልብጦ ጠረጴዛው ሥር አኖረው።

በዚህ አገር ዘይት በሃይላንድ ነው። ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ነው። ጎረቤት ለእማሆይ ከምንጩ ቀድታ የምታመጣው ጸበልም በሃይላንድ ነው፤ ቤት ስትጠርግ ጠረጴዛው ሥር አስጠግታዋለች።

ነገሩ ከገባህ ለይርዳው አትንገረው። ደክሞታል።

፯

ሙቀት፦ 52

ዝምታ።

የፍልሰታ የመጀመሪያ ቀን ነው። የዲያቆኑ ድምፅ አንድ ቃል ሳይጎድልበት በመስኮት ገባ። እማሆይ ሕዝቡ የሚመልሰውን ከአልጋቸው ላይ መለሱ። ይርዳው ቱቦውን ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑ እንባ አዘለ።

ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር።

ለዝናብ ቱቦ አይሸጥም።

፰

በማግሥቱ ማለዳ፣ እማሆይ በባዶ ሆዳቸው ጸበላቸውን ቀምሰው፦

እማሆይ፦ ይርዳው፣ ጸበሉ ጣዕሙን አጣ።

ይርዳው፦ እንዴት?

እማሆይ፦ ብረት ብረት ይል ነበር። አሁን ምንም አይልም። ምን በድዬ ይሆን?

ሃይላንዱን ተቀብሎ ጎንጨት አለ። የተጣራ ውሃ ነው፤ ምንም አይልም።

ቀስ ብሎ ወደ ቱቦው ዞረ።

፱

ይርዳው፦ የበደሉት እርስዎ አይደሉም። ሃይላንዱ ተለዋውጦብኝ ነው። ጸበሉ ማሽኑ ውስጥ ነው።

እማሆይ፦ ጠጣው?

ይርዳው፦ ጠጣው።

እማሆይ፦ ከዚያ ነው ዝም ያለው?

ይርዳው፦ እማሆይ፣ ዝም ያለው እኮ ...

እማሆይ፦ ይህን ያህል ዘመን ጮኾ ጮኾ።

(ይስቃሉ። እግራቸው ከያዛቸው ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቷቸው አያውቅም።)

ይርዳው፦ አውጥቼ እግር የማይረግጠው ቦታ ልድፋው?

እማሆይ፦ እንዳትነካው። እኔ በዚያ ጸበል ስለ እግሬ አልለመንኩም፤ ቅዳሴውን አሰማኝ ነው ያልኩት። ጸበል የሚሄድበትን ያውቃል። ፍልሰታ እስኪፈታ እዚያው ይቆይ።

«ይደፍነዋል» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

፲

ሙቀት፦ 58

ሙቀት፦ 66

ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ሻይ መሰለ።

ሽመክት፦ (በስልክ) ጸበሉን ዛሬውኑ ያውጡት እንጂ፣ ምን ይጠብቃሉ?

ይርዳው፦ ጾሙ እስኪፈታ።

ሽመክት፦ ካርዱም ይጾማል?

ሙቀት፦ 79

ይርዳው በጸበል ያምናል። መዳብ እንደሚደፈንም ያውቃል። ሁለቱን በአንድ ቱቦ ያገናኘ ሰው ማንን ይጠይቃል? የንስሐ አባቱን ሊጠይቅ ስልኩን አንሥቶ፣ «ግራፊክስ ካርድ» የሚለውን ለሳቸው እንዴት እንደሚያስረዳ ጠፋበትና መልሶ አስቀመጠው።

፲፩

ሙቀት፦ 88

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀርቶታል። ቅዳሴው ተጋምሷል፤ ዝናብ የለም። ውሃው አላልፍ ሲለው ፓምፑ ማቃሰት ጀመረ፤ የራዲያተሩ ማራገቢያም ተነሣ። ይርዳው ሳፋ አጥቦ ከሥር አስቀመጠ። የተጣራውን ውሃ አጠገቡ አደረገ። እጁን የማፍሰሻው ቧንቧ ላይ ጣለ።

እዚያው ቀረ።

ከመጋረጃው ወዲያ፦

እማሆይ፦ ይርዳው።

ይርዳው፦ አቤት እማሆይ።

እማሆይ፦ የሆነ ነገር ይጮኻል፤ ቄሱን ሸፈነብኝ። ማሽንህ ነው ወይስ ጆሮዬ ነው?

ይርዳው፦ ማሽኔ ነው እማሆይ። ጸበሉ ደፈነው፤ ላውጣው?