ካርዱ ወይስ ሄድፎኑ

እነ ታቢታ ቤት የማይነገር ቃል አለ። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ስድብማ ቢሆን ታቢታ ገና አምስተኛ ክፍል ሳለች ተናግራው፣ ተገርፋበት፣ ደግማው ነበር። ቃሉ «አያይም» ነው።

የማያየው ታላቅ ወንድሟ ማርቆስ ነው። ጨርሶ ጨልሞበታል ማለት አይደለም። ብርሃንን ከጥላ ይለያል፣ ታቢታንም በአረማመዷ ያውቃታል። ግን ባለፈው ፊቼ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ አመሻሹን ሰው ሲገፋፋ እጇ አመለጠውና፣ እፊቱ ቆማ እያለች በዓይኑ ሲፈልጋት አየችው። የሚቀልድ መስሏት ሳቀችበት። ያቺን ሳቅ እስካሁን ይቅር አላለቻትም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። ሐኪሙ ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ከዳር ጀምሮ እየሞተ እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ነገራቸው።

እናታቸው ጥሩወርቅ ግን ያንን ወሬ ቤት አላስገባችውም። በዚያው ሳምንት ቸርች ተጸለየለት፤ በቃ ተፈወሰ። ምልክቱ ዘገየ እንጂ ነገሩ አልቋል። ከእንግዲህ «አያይም» የሚል ሰው ፈውሱን በገዛ አፉ ይመልሰዋል። ሌላ ሰው ቢሰማ ግትር ይላታል፤ ታቢታ ግን ምክንያቱን ታውቃለች። አባታቸው ታሞ የተኛ ጊዜ ጥሩወርቅ አንዴ ብቻ፣ ደክሟት፣ «እንግዲህ ይሄ ሰው አይነሳም» ብላ ነበር። አልተነሳም። ያንን ቃል እስከ ዛሬ ጉሮሮዋ ላይ እንደተሰነቀረ አጥንት ይዛው ትኖራለች።

ስለዚህ ቤቱ በሙሉ ተስማምቶ ይዋሻል። ማርቆስ ሻይ ሲደፋ ብርጭቆው ነው አጉል ቦታ የተቀመጠው። ዩኒቨርሲቲውን ከሁለተኛ ዓመት ያቋረጠው «ትንሽ ሊያርፍ» ነው። የስልኩን መልእክት ታቢታ የምታነብለት «ስክሪኑ ስለተጫረ» ነው። ለፊዚክስ አስተማሪዋ እንኳ መልስ የማታጣው ታቢታ እዚህች ላይ ምላሷን ትውጣለች።

የኮምፒውተሩ ነገር ከዚህ ሁሉ በፊት የተጀመረ ነው። ትናንሽ ሳሉ የጌም ቤቱ ባለቤት «ሰዓት አልቋል፣ ውጡ!» እያለ ሲያባርራቸው፣ ማርቆስ የታቦር ተራራን ዳገት እየወጣ፣ «የራሳችንን እገጣጥማለሁ። ያኔ ማን ውጡ እንደሚለን!» ይላት ነበር። በየዓመቱ ይሄንኑ ይላል። በየዓመቱም የትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል።

ዘንድሮ ግን ጥሩወርቅ ራሷ ከጨርቅ ሱቋ ያጠራቀመችውን አውጥታ «ግዙ» አለች። ታቢታ ደንግጣ ግንባሯን ልትነካት ምንም አልቀራት።

«እማ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ለፍላፊ። ግን አደራ፣ ምስሉ የጠራ ይሁን። ስክሪኑም ትልቅ ይሁን። ለሚያይ ልጅ ነው የምገዛው። ሲጫወት ፎቶ አነሳዋለሁ፣ እሁድ ምስጋናዬን ይዤ ወጥቼ እመሰክራለሁ።»

«አሜን» አለ ማርቆስ፣ ረጋ ብሎ።

እናታቸው ወደ ሱቋ እንደወጣች ግን ታቢታን ጎኑ አስቀመጣት።

«ታቢ፣ ምስሉን የሚያጠራው ግራፊክስ ካርድ የተገኘው ይሁን። ሞኒተሩም አሮጌ ቢሆን ግድ የለም። ብሩን ሄድፎኑ ላይ እናውለው።»

«ዲጄ ልትሆን ነው?»

«ስሚኝ እንጂ። ጥሩ ሄድፎን የሚያሳድድሽ ሰው ከየት እንደመጣ ይነግርሻል። ከግራ፣ ከኋላ፣ ከሩቅ። ከለመድሽው...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከለመድሽው በጆሮሽ መጫወት ትችያለሽ። ብዙ ሳልቆይ ልልመደው ብዬ ነው።»

ታቢታ ብሩን ቆጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሱቅ ደርሰን እንወስናለን» አለች።

ሱቁ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከየመሥሪያ ቤቱ የወጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖች እስከ ጣሪያ የተደረደሩበት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ወጥቶ የሚጠብቅበት ጠባብ ክፍል። ባለሱቁ ሰውዬ ጭማቂ ቤት ተቀምጦ የሚውል ስለሆነ የምትሸጠው የእህቱ ልጅ ኢክራም ናት። ከደሴ መጥታ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ትማራለች። አቧራ እንዳይገባባት ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ አንዱን ኮምፒውተር ፈታትታው ነበር።

«ለጌም ነው? በትንሽ ብር?»

«ብሩ ትንሽ ነው» አለች ታቢታ። «ምኞቱ ግን የሚኒስትር ልጅ ምኞት ነው።»

ኢክራም ሳቀች። ማርቆስ ግን ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ገባ። አሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ እንደሚፈልጉ፣ ማስታወሻው፣ ራሙ፣ እንዲጨመርለት፣ ዲስኩ በአዲሱ ፈጣን ዓይነት እንዲቀየር፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ለብቻው የኃይል ገመድ የማይፈልግ ትንሹ ዓይነት እንዲሆን፣ ምክንያቱም የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ትልቁን እንደማይችለው፣ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ ዘረዘረላት።

«ኧረ አንተስ! ማን አስተማረህ?»

«አንድ ከጌም ቤት ሲያባርረኝ የኖረ ሰውዬ» አለ።

ኢክራም ራሙን ሰጠችው። ጎንበስ ብሎ ቦርዱን በጣቱ ዳሰሰ፣ ቦታውን አገኘ፣ ቀጥ አድርጎ ተጫነው። ቀጭ አለ። ታቢታ በኩራት ዙሪያዋን ብታይ የሚያጨበጭብ ሰው የለም፤ ያሉት ኮምፒውተሮች ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ ኢክራም ከመደርደሪያ ላይ ጥቁር ሄድፎን አውርዳ ሰካችና በሱቁ ኮምፒውተር አንድ ጌም ከፈተችለት። ጫካ ውስጥ ነው። ሰዎች ያሳድዱሃል፣ አንተ ትሸሻለህ። ማርቆስ ሄድፎኑን እንዳጠለቀ ፊቱ ተለወጠ። ትከሻው ወረደ። አንገቱን ወደ ግራ መለስ አደረገ፣ ከዚያ በድንገት ወደ ኋላው ዞረና፣

«ኧረ ከኋላዬ መጣ! ቅጠል ረገጠ!» ብሎ ሳቀ።

ታቢታ እንዲህ ሲስቅ የሰማችው ድሮ ነው። ከፊቼ በፊት።

«ሞኒተርስ?» አለች ኢክራም፣ ሁለት ያገለገሉ ሞኒተሮች ጎን ለጎን አብርታ። አንደኛው ሰፊና ጥርት ያለ ነው። ሌላው አነስ ይላል፣ መሃሉን ከላይ እስከ ታች የሚሰነጥቅ አረንጓዴ መስመር አለው፣ ጥጉ ላይም ቀለም የተደፋበት ይመስል በልዟል። «ይሄኛው መስመር ስላለው በርካሽ እሰጣችኋለሁ። ያኛው ንጹህ ነው። አንተ ራስህ ምረጥ።»

ማርቆስ ሁለቱም ፊት ቆመ። ቀና ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ልክ እንደሚያይ ሰው ጊዜ ወሰደ።

«ይሄኛው» አለ፣ እጁን በበለዘው፣ በባለ መስመሩ ላይ አሳርፎ። «ንጹሁ ይሄ ነው። ብሩህ ነው።»

ኢክራም ከሞኒተሩ ወደ ታቢታ ዞረች። ታቢታ ግን ሱቁን በድምፅ ሞላችው። «ወይ ማርክ! ሲቀልድ እኮ ነው፣ ሁሌም እንዲህ ነው የሚያደርቀን! ሂድ ጌምህን ተጫወት፣ ቀሪውን እኛ እንጨርሳለን!» ወንበሩ ላይ መልሳ አስቀመጠችው፣ ሄድፎኑንም ጆሮው ላይ ደፋችለት።

ኢክራም ወደ ባንኮኒው ጠራቻት።

«እህቴ፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው የምጠይቅሽ። ወንድምሽ ያያል?»

ማንም እንዲህ ፊት ለፊት ጠይቋት አያውቅም።

«ተፈውሷል» አለች ታቢታ። ድምፅዋ የእናቷን ድምፅ ይመስል ነበር።

«ኢንሻላህ። እኔ ለማሸግ ነው የጠየቅሁሽ። ባላችሁ ብር ወይ ጥሩ ካርድና ንጹሁን ሞኒተር ትወስዳላችሁ፣ ወይ ደካማ ካርድ፣ ባለ መስመሩን ሞኒተርና ያንን ሄድፎን። ሁለቱም አይሆንም። እኔን ከጠየቅሽኝ...»

ታቢታ አልጠየቀቻትም። ወንድሟን አየችው። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጫወተው፤ ጨፍኖ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ ፈገግ ይላል። «ሄድፎኑን» ማለት አንድ ቃል ነው። ግን ሄድፎኑን ካለች ያንን ሌላውንም ቃል አለች ማለት ነው፣ በገዛ አፏ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ፊት። ነገ ጨርሶ ቢጨልምበትስ? አፍ እንዲህ ያለ ጉልበት እንደሌለው ታውቃለች፤ ፊዚክስ ላይ አልተማረችውም። አባቷ ግን አልተነሳም።

«ካርዱን» አለች። «ካርዱንና ንጹሁን ሞኒተር።»

«ድምፁስ? ይሄ ሞኒተር ድምፅ የለውም።»

«የስልክ ኢርፎን አለን።»

ዞር ስትል ማርቆስ ሄድፎኑን አውልቆ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። መቼ እንዳወለቀው አላወቀችም። ካርቶኑን በዳበሳ አገኘው፣ ሄድፎኑን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አስተኛው፣ ክዳኑን ዘጋው።

ባጃጅ ውስጥ ሞኒተሩን እግራቸው መሃል አቁመው ሲሄዱ፣ «ጥሩ መርጠሻል» አላት። ታቢታ ዳገቱ እስኪያልቅ ውጭ ውጭውን ስታይ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ጥሩወርቅ ሱቋን ዘግታ ጠበቀቻቸው። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ገጣጠሙት። ጥሩወርቅ እጇን የኮምፒውተሩ ኬዝ ላይ ጭና ጸለየችበት፤ ታቢታ በሌላ ቀን ቢሆን ቫይረሱንም እንድትገስጽለት ትጠይቃት ነበር። ጌሙ ተከፈተ። ያ ጫካ መጣ። ወይኔ፣ እንዴት ያምራል! ቅጠሉ ላይ ያለው ጠል ይቆጠራል፣ ጨረቃዋ ውኃው ላይ ትንቀጠቀጣለች።

«እንዴት ነው ልጄ?»

«ያምራል እማ። በጣም ያምራል።»

ጥሩወርቅ ከጎን ፎቶ አነሳችውና እያዜመች ወደ ኩሽና ገባች።

ማርቆስ ኢርፎኑን ሰካ። የኢርፎኑ የግራ ጆሮ ከሞተ ቆይቷል፤ ሁሉም ድምፅ ከአንድ ቦታ ይመጣል። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ያዙት። እንደገና ጀመረ። ያዙት። ዛፍ እየገፋ ቆመ፣ ዛፉ መንገድ መስሎት። እንደገና ያዙት። አልተናደደም። ብስጭት እንኳ ብሎ ቢሰድብ ታቢታ ይቀላት ነበር።

«ታቢ» አለ በሹክሹክታ፣ «ከየት በኩል ነው የሚመጡት?»

ወደ ኩሽናው በር አየች። ዝማሬው ይሰማል።

«ከግራ» አለች፣ እሷም በሹክሹክታ። «ጎንበስ በል። አሁን ቀጥ ብለህ ሩጥ። ቀኝ! ዛፍ አለ፣ ቀኝ!»

ዳነ። ሳቀ፣ ያንን የሱቁን ሳቅ። እሷም ሳታውቀው ድምፅዋ እየጨመረ መጣ። «ከኋላህ ናቸው! ውኃው ጋ ድረስ! ወደ ግራ ድልድይ አለ!»

«የታል ድልድዩ?»

«አታየውም፣ እኔ እይዝሃለሁ፣ ዝም ብለህ ወደ ግራ...»

ቃሉ ወጣ። ኩሽና ውስጥ ዝማሬው ተቋረጠ። የማርቆስ ጣት ኪቦርዱ ላይ ቆመ፣ የሚያሳድዱትም ደርሰው ያዙት፣ ስክሪኑ ቀላ። ጥሩወርቅ በሩ ላይ እጇ ሳሙና እንደሆነ ቆማለች። ታቢታ ጥፊ ጠበቀች። ጥፊ ቢመጣ ደስ ባላት።

እናቷ ግን አልመታቻትም። ልጇን ከጀርባው ለረጅም ጊዜ አየችው፤ አንገቱን ወዳልሆነ አቅጣጫ ቀስሮ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ቀጥሎ የሚነገረውን ሲጠብቅ። ከዚያ ተመልሳ ገባች። ቧንቧው ተከፍቶ ብዙ ጊዜ ፈሰሰ።

«ቀጥይ እንጂ» አለ ማርቆስ ቀስ ብሎ። «ድልድዩ ጋ ነበርን።»

እሁድ ቸርች ውስጥ ምስክርነት ያለው እንዲወጣ ተጠራ። ሰው ወጣ፣ ተጨበጨበ። ጥሩወርቅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ፎቶው ያለበት ስልክ ቦርሳው ውስጥ ሆኖ፣ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ታቢታ ቀና ብላ አላየቻትም።

ሲወጡ ሕዝቡ በሩ ላይ ይጋፋ ነበር። ጥሩወርቅ ከፊት ነበረች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ወደ ኋላዋ ተመለሰች፣ የማርቆስን ክንድ ያዘች።

«ደረጃ አለ፣ ልጄ» አለችው።