ከኮምፔንሳቶው ወዲያ

የፋብሪካው ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄውን ሲጀምር ቀጥታ ወደ ጓንቱ ሄደ።

«ማሽኑ እጅሽን በያዘው ዕለት ጓንትሽን ለምን አወለቅሽው?»

የተጠያቂዋ ጠበቃ ኑኃሚን የምትጽፈውን አቋረጠች። ደንበኛዋ ዱኒያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሁለት ጣቶቿን ያጣች ልጅ ናት። ጓንቱ ተቀዶ እየተጠላለፈ ስላስቸገራት ማውለቋን የተናገረችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ኑኃሚን ቢሮ፣ በር ተዘግቶ። በሰዓቱ ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ የነበረችው የዱኒያን ሶማሊኛ ወደ አማርኛ የምትመልሰው ጸሐፊዋ ናሲሞ ብቻ ናት።

ዱኒያ በራሷ ላይ ወሬ አታወጣም። ታዲያ ማን ቀረ?

ከዚያን ቀን ወዲህ ኑኃሚን ናሲሞን በሌላ ዓይን ታያት ጀመር። ናሲሞ ሳቂታ ናት፤ መጋላ ሰፈር ውስጥ የማታውቀው ሰው የለም። ስልክ ሲደወልላት በሶማሊኛ ትጀምርና በኦሮምኛ ትጨርሳለች። ይህ ድሮ ለቢሮው በረከት ነበር። አሁን ግን ኑኃሚን እያንዳንዱን ጥሪ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች፤ አይገባትም፤ ስላልገባት ደግሞ ይብስባታል። ደንበኛ ረጅም ተናግሮ ናሲሞ በአጭሩ ስትመልስላት፣ «የቀረውን የት አደረገችው?» ትላለች በልቧ።

አንድ ቀን ወጥመድ ዘረጋች። «ለዱኒያ ጉዳይ ከጀልዴሳ አዲስ ምስክር አግኝቻለሁ» አለቻት እንደ ዋዛ። ውሸት ነበር። የፋብሪካው ጠበቃ ጋ ይደርስ እንደሆነ ጠበቀች። ምንም አልተሰማም። እፎይ ማለት ሲገባት፣ «ነቅታብኛለች» ብላ ደመደመች።

ናሲሞም ዝም አላለችም። «አቦ፣ ምን ሆነሻል? እኔ ስገባ ፋይል ትዘጊያለሽ» አለቻት።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ወላሂ ሥራ አይደለም» ብላ ወጣች።

ኑኃሚን ሲጨንቃት ሙያውን ወዳስተማሯት ወደ ጋሽ ገብረ መድኅን ሄደች። ጡረታ የወጡ ጠበቃ ናቸው። ጥርጣሬዋን ሰምተው አልፈረዱም፤ ቢሮሽን ልይ ብለው መጡ። ገብተውም እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«አንቺ ግቢና በሩን ዝጊ። እንደ ልማድሽ ስልክ አውሪ።»

ገብታ ለእህቷ ደወለች፤ ስለ እናታቸው የደም ግፊት አወሩ። ስትወጣ ጋሽ ገብረ መድኅን፣ «እናትሽ መድኃኒቱን ያቋረጡት ስላዞራቸው ነው አይደል?» አሏት።

ኑኃሚን ክው አለች። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ስስ የእንጨት ኮምፔንሳቶ ነው፤ አየር እንዲዘዋወር ደግሞ ከላይ ክፍት ተደርጓል። ያለዚያ የድሬ ሙቀት አያስቀምጥም።

«የደንበኛሽን ሚስጥር የሚጠብቀው መሐላሽ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳሽም ነው» አሏት። «ዱኒያ የመጣች ዕለት እዚህ ማን ተቀምጦ ነበር?»

ኑኃሚን አስባ አስባ ፊቷ ተለዋወጠ። ናሁሰናይ። የቤት ኪራይ ክርክር አለብኝ የሚል፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የሚጥም ሰው። ቀጠሮ ባይኖረውም ጎራ ይላል፤ ውሉን ግን ዛሬ ነገ እያለ አንድም ቀን አምጥቶ አያውቅም። ውኃ ራሷ እየቀዳች ታስተናግደው ነበር።

ናሲሞ ፍርድ ቤት በሄደችበት ቀን ናሁሰናይ መጣ። ጋሽ ገብረ መድኅን ውስጥ ነበሩ። ኑኃሚን ድምጿን ሳትቀንስ፣ «የዱኒያን ክስ ላነሳው ነው፣ አያዋጣኝም» አለቻቸው። ናሁሰናይ ጥቂት ቆይቶ፣ ተራው ሳይደርስ፣ ሄደ።

በማግስቱ የፋብሪካው ጠበቃ ደወለላት። «ክሱን ልታነሺ ነው አሉ። ጥሩ አስበሻል።»

«ማን ነገረህ?»

«ከተማው ጠባብ ነው» ብሎ ሳቀ።

ናሁሰናይ ተመልሶ ሲመጣ በር ላይ አስቆመችው። አልካደም፣ አላመነምም። «እኔ ቁጭ አልኩ እንጂ ምን አደረግኩ? የምትናገሩት እናንተ» ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ኑኃሚን ግድግዳውን በብሎኬት እስከ ጣሪያ አስገነባች፤ ቀጠሮዎቹንም አንዱ ደንበኛ ሳይወጣ ሌላው እንዳይገባ አድርጋ አራራቀች። ዱኒያንም ጠርታ ሚስጥሯ እንዴት እንደወጣ ነገረቻት፤ ሌላ ጠበቃ ብትፈልግ እንደማትቀየማትም ጨመረች። ዱኒያ፣ «ከጀመርሽው ጨርሺው» አለች። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ የተቀደደ ጓንት መቀየር የነበረበት ፋብሪካው ነው ብሎ ፈረደላት።

የከበደው ናሲሞን ማናገር ነበር።

«ጠርጥሬሽ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አውቃለሁ። የጀልዴሳው ምስክርም ውሸት ነበር አይደል? እኔ እኮ ዱኒያ ተስፋ ታድርግ ብዬ ልነግራት ነበር፤ ‹የቢሮ ነገር ነው› ብዬ ዋጥኩት።»

ኑኃሚን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ወሬ እወዳለሁ፣ ልክ ነው» አለች ናሲሞ። «አንቺ ግን የጠረጠርሽው አፌን አልነበረም፤ ቋንቋዬን ነው። ያ ሰውዬ በአማርኛ ስላወራሽ ውኃ ቀዳሽለት።»

ይቅር ብያለሁ አለች፤ እስከ ፍርዱ ቀንም እንደ ድሮዋ ሠራች። ከዚያ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ ብላ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ኑኃሚን እንድትቀር ለመነቻት። ናሲሞ ሻሿን አስተካክላ፣ «የሚቀጥለውን አስተርጓሚሽን ከመጀመሪያው እመኚው» አለችና ወጣች።