ለፎርድ ሰው ብቻ

ባሌ ዳሪል በሕይወቱ ሲያለቅስ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ እናቱ የሞተች ዕለት፣ አንዴ ደግሞ ካንጋሮ መንገድ ላይ ዘሎ ገብቶ የሆልደን መኪናችንን ከጥቅም ውጭ ያደረገብን ዕለት። ዋሽቼ አላውቅምና እውነቱን ልናገር፤ የሁለተኛው ልቅሶ ይረዝም ነበር።

እኛ አገር ሰው ሲወለድ ወይ የሆልደን መኪና ወገን ነው ወይ የፎርድ። ሃይማኖት ይቀየራል፣ ሚስትም ትቀየራለች፣ ይሄ ግን አይቀየርም። የዳሪል አባት የተቀበረው የሆልደን ኮፍያውን እንዳደረገ ነው። ዳሪል ራሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ክንዱ ላይ የሆልደንን አንበሳ ተነቅሷል። ያኔ ክንዱም አንበሳውም ቀጫጭን ነበሩ፤ አሁን ሁለቱም ወፍረዋል። ፋብሪካዎቹ ሁለቱም ከተዘጉ ዓመታት አልፈዋል፤ ፀቡን ግን የሚዘጋው አልተገኘም።

ችግራችን የዳሪል ዳሌ ነው። ብረት ከገባለት ወዲህ ትንሽ መኪና ውስጥ ታጥፎ መግባት አይችልም፣ አዳዲሶቹ ረጃጅም መኪናዎች ላይም መውጣት አይችልም። የሚሆነው ያ ድሮ የነበረው ዝቅ፣ ሰፋ ያለው የቤተሰብ መኪና ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መመረቱ ቀርቷል። ልጃችን ኬሪን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ያለችው ሚልዱራ ነው፣ አምስት ሰዓት የሚያስኬድ። ደውላ «ሁለታችሁም ካልመጣችሁ አላምጥም» ትለኛለች።

እስካሁን ሁለት ወር ሙሉ ሆልደን ስንፈልግ ከርመናል። የተረፉት ወይ መኪና እያንሸራተቱ ጎማ የሚያቃጥሉ ጎረምሶች እጅ ገብተዋል፣ ወይ የሀብታም ጋራዥ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሰው ተኝተዋል። አንድ ቀን ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት አየሁ። «ፎርድ ፋልከን። አንድ ሰው ብቻ የነዳው። ለፎርድ ሰው ብቻ ይሸጣል። ደልሲ ፓርጌተር፣ ሊተን።»

«ብሞት ፎርድ ውስጥ አልገባም!» አለ ዳሪል።

«እሺ፣ አንተ እዚሁ ሙት። እኔ በአውቶቡስ ሄጄ የልጅ ልጄን አይቼ ስመለስ እቀብርሃለሁ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በማግስቱ ዳሪል እጅጌው ረጅም የሆነውን የሠርግ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጎረቤታችን እሱን ፒክአፑ ኋላ አጋድሞ ሊተን ከተማ ድረስ አደረሰን። ሙቀቱ አርባ አንድ ዲግሪ ነበር።

ሚስስ ፓርጌተር ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ዓይናቸው መርፌ። ሻይና ትኩስ ስኮን፣ ያቺን ትንሽ ክብ ዳቦ፣ አቅርበው ምርመራውን ጀመሩ።

«ባለቤቴ ሌስ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ አስማለኝ፤ ‹ለሆልደን ሰው እንዳትሸጪው› ብሎ። መሐላ መሐላ ነው። አንተ የየትኛው ነህ?»

«ከ… ከተወለድኩ ጀምሮ የፎርድ ነኝ።»

«አባትህስ?»

«አባቴማ…» ድምፁ ተሰበረ። «ኮፍያውን እንዳደረገ ነው የቀበርነው።»

«የእምነት ሰው ነበሩ ማለት ነው!» አሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ አተኩረው አዩት። «ምነው ልጄ፣ በላብ ሰጠምክ እኮ! እጅጌህን ሰብሰብ አድርገው እንጂ።»

«ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ዳሌው ነው» አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ።

«ዳሌው ክንዱን ይበርደዋል?»

«ብረቱ ነው የሚያቀዘቅዘው።»

አፌን በስኮን ባልሞላው ኖሮ ሳቄ ያጋልጠን ነበር።

መኪናው ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ አቧራ ያልነካው። ዳሪል በሩን ከፍቶ ተቀመጠ። አልታጠፈም፣ አላቃሰተም፤ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ወንበሩን በመዳፉ ሲዳብስ አይቼው፣ እንዳየሁት ሲያውቅ እጁን ሰበሰበ። ያኔ መኪናውን እስኪያመኝ ድረስ ፈለግሁት።

ልንሞክረው ወጣን። ዳሪል ይነዳል፣ ሚስስ ፓርጌተር ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ። መቼም በገጠር መንገድ ሁለት መኪና ሲተላለፍ ሾፌሩ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ አድርጎ ሰላም ይላል። የዳሪል ጣት ግን ለሆልደን እንጂ ለማንም ተነስታ አታውቅም። ዛሬ ለፎርድ እንዲያነሳት ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ ረሳሁት።

መጀመሪያ አንድ ፋልከን መጣ። ሾፌሩ ጣቱን አነሳልን። ዳሪል ፊቱን ወደ ስንዴው ማሳ አዞረ። እኔ ከኋላ ሳልኩ፣ ደጋግሜ ሳልኩ። ቀጥሎ አንድ አሮጌ የሆልደን ፒክአፕ ብቅ አለ። አመል ያወጣል ከመሐል፤ የዳሪል ጣት በራሷ ተነሳች። ያ አልበቃ ብሎት ሁለቴ ክላክስ አደረገ።

«አቁም» አሉ ሚስስ ፓርጌተር። ዛፍ ጥላ ሥር አቆመ። «እጅጌህን ሰብስብ።»

ሰበሰበ። አንበሳው በላብ ርሶ አፈጠጠባቸው።

«ውሸታም።»

እፍረቱ እኔንም አቃጠለኝ። ልጄ ብቻዋን ስታምጥ ታየኝ። «ሚስስ ፓርጌተር፣ ውሸቱ የኔ ነው። እሱ እንኳን እምቢ ብሎ ነበር። ልጃችን ልትወልድ ነው፣ እሱ ደግሞ በዳሌው ምክንያት ሌላ መኪና ውስጥ መግባት አይችልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አንበሳውን አንዴ ደግመው አዩት። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሩ። «አንቺስ የየትኛው ነሽ?»

ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ስኖር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «የማንም አይደለሁም። ካደረሰኝ ለኔ ትራክተርም መኪና ነው።»

«ትነጃለሽ?»

«መንጃ ፈቃዱስ አለኝ፤ ግን እሱ እያለ? መሪ አስነክቶኝ አያውቅም።»

«እኔንም ፈቃዱ እያለኝ ሌስ አስነክቶኝ አያውቅም» አሉ። «አርባ ስድስት ዓመት ጎኑ ተቀምጬ ካርታ ሳጥፍ ኖርኩ። ይሄን መኪና እንኳ ከሞተ በኋላ እሑድ እሑድ ጋራዥ ውስጥ አስነስቼ አጠፋዋለሁ እንጂ ከበር አውጥቼው አላውቅም። የሚያየኝ ይመስለኛል።» መሪውን ትኩር ብለው አዩት። «‹ለሆልደን ሰው እንዳትሸጪው› አለኝ። ስለ ሆልደን ሰው ሚስት ግን ምንም አላለም። ስለ ሚስት መች አስቦ ያውቅና!»

ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ። የኔም ሞላ።

«ስሙ ወደ አንቺ ይዛወራል» አሉኝ። ወደ ዳሪል ዞረው፣ «አንተ ግን መሪውን እንዳትነካ፤ መሐላዬን ታፈርሳለህ። አሁን ውረድ፣ ወደ ቤት የምነዳው እኔ ነኝ።»

ነዱም። ለፎርዱም፣ ለሆልደኑም፣ ለወተት መኪናውም፣ በእግሩ ለሚሄደው ሰው ሳይቀር ጣታቸውን እያነሱ።

ሚልዱራ የሄድነው እኔ እየነዳሁ ነው። ዳሪል ካርታውን ማጠፍ አቅቶት ጉልበቱ ላይ እንደተዘረጋ ነበር። ከሄይ ከተማ ወዲያ፣ ያ ሜዳ ላይ፣ አንድ ፋልከን ከፊታችን መጣ። ነፋሱ እየገፋኝ ስለነበር መሪውን በሁለት እጄ ጨብጫለሁ። ዓይኔን ወርወር ሳደርግ ከካርታው ላይ አንዲት ጣት ተነስታለች።

«አየሁህ» አልኩት።

«ዝንብ ላባርር ነው።»

ሕፃኗ የተወለደችው በደረስን በሁለተኛው ቀን ነው። ለሚስስ ፓርጌተር ደወልኩላቸው። እንኳን ደስ አላችሁ ብለው ሳይጨርሱ፣ «የየትኛው ናት?» አሉኝ። ጥያቄውን ለዳሪል አስተላለፍኩ። ሕፃኗን አንበሳው ላይ አስተኝቷት ነበር፤ ቀና ሳይል፣

«ገና አልወሰነችም በያቸው» አለ።