የመውጫ ቅዳሜ

ልዩ ዶርም ውስጥ ልብሷን በሙሉ ሻንጣ ውስጥ ስትጠቀጥቅ፣ ጓደኛዋ ጃለኔ ከላይኛው አልጋ አንገቷን አስግጋ አየቻት።

"ለአንድ አዳር ነው ይሄ ሁሉ?"

"ላጥበው ነው።"

"የክረምት ጃኬትሽም ቆሸሸ? በይ እንግዲህ፣ እናትሽን ሳሚልኝ። ሳምቡሳውን እንዳትረሳ በያት።"

ልዩ የሻንጣውን ዚፕ ዘጋች። ላትመለስ ቆርጣለች። ካዛንቺስ ስትማር አስተማሪው ጥያቄ ሲጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ የሚያየው እሷን ነበር። እዚህ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ሒሳብና ሳይንስ የሚችል ከየአገሩ ተለቅሞ በሚያድርበት ትምህርት ቤት፣ ሁሉም በየመጣበት አንደኛ ነው፤ ማንም ወደ ማንም አይዞርም። ምግብ ላይ እንኳ ፊዚክስ ነው የሚያወሩት። እሷ ሳህኗን ይዛ ጥግ ትፈልጋለች። ቤቴ ናፈቀኝ ካለች ደግሞ "አንቺ ምን አለብሽ፣ የቂርቆስ አጥቢያ ልጅ!" ይሏታል። ቅርብ መሆኑ ነው የባሰባት። መውጣት በሴሚስተር አንዴ ነው፤ ስልክ ክልክል። እናቷ ጀማነሽ ብቻ እሁድ እሁድ በሩ ላይ መጥታ ታያታለች።

ካዛንቺስ በእግሯ ደረሰች። መንገድ የሳተች መሰላት። የእናቷ ምሳ ቤት የለም። ጎረቤቱ የለም፤ የጋራ ቧንቧው የለም። የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። በቀዳዳው አጮልቃ ብታይ ሜዳ።

መኪና ጠባቂው ጋሽ መዝገቡ አዩዋት።

"እንዴ ልዩ! አልነገረችሽም እንዴ?" አሉና አፋቸውን ያዙ።

"ምኑን?"

"ሰፈሩ ለልማት ተነሣ እኮ። እናትሽም ኮንዶሚኒየም ተሰጥቷት ከሄደች ከራረመች።"

ደውለው ስልካቸውን ሰጧት።

"ፈተና አለቀ?" አለች ጀማነሽ፣ ከሰላምታ በፊት።

"አልቋል። እማዬ፣ ቤታችንስ?"

"መርዶ እንኳ ለተፈታኝ ተደብቆ ይቆያል። ይሄ ቢቆይ ምን አለበት?"

"በየእሁዱ እየመጣሽ ሰፈሩ ሰላም ነው ስትዪኝ!"

"ሰላም ነው እኮ። ሰው አልሞተ።"

ልዩ ሁለት ታክሲ ቀይራ ከከተማው ዳር ደረሰች። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሹፌርና የቢሮ ሰው ይመገብባቸው የነበሩት ትልልቅ ድስቶች በረንዳው ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ኮሪደሩ ላይ ያለው በር ሁሉ ዝግ ነው።

"እዚህ ምሳ አትሸጪም?"

"ማን ያውቀኛል?" ጀማነሽ ሻንጣውን አየች። "ይሄ ምንድነው?"

"አልመለስም። እዚያ ብቻዬን ነኝ።"

ልዩ ለጩኸት ተዘጋጅታ ነበር። ጀማነሽ ግን የተደፋ ድስት ላይ ቁጭ አለች።

"ከቆረጥሽ ቅሪ። ግን እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ አፌን የምከፍተው እሁድ ነው። እናንተ በር ላይ ከዘበኛው ከተስፋማርያም ጋር ስንጨቃጨቅ፣ ያቺ ጃለኔ ስታሾፍብኝ። አንቺ ከወጣሽ ቂርቆስ ምን ብዬ እሄዳለሁ?"

"ቤተ ክርስቲያኑ አለ አይደል?"

"ጸሎቴን ይሰማል እንጂ 'ጀሙ፣ ምነው ከሳሽ' አይለኝም።"

"ታዲያ እኔ እዚያ የምቀመጠው ለአንቺ ወሬ ነው?"

"አዎ። ምን ይሁን?"

ልዩ አኮረፈች። አንድ ክፍል ውስጥ ተኮራርፎ ማደር ደግሞ ከባድ ነው፤ ዘወር የሚባልበት ጎረቤት የለም። እናቷ እንቅልፍ እስኪወስዳት ስለ ድሮ ተመጋቢዎቿ ለብቻዋ ስታወራ ሰማቻት፤ ማን ሽሮ እንደሚወድ፣ ማን በርበሬ እንደማይችል። ያኔ ንዴቷ በረደ፤ ደስታ ግን አልተተካበትም።

እሁድ አብረው ወደ ትምህርት ቤቱ በር መጡ። ተስፋማርያም ከሩቅ አያቸው።

"ጀሙ! ዛሬ ደግሞ ልጅሽን ራስሽ ይዘሽ መጣሽ?"

"አንተ በደንብ ስለማትጠብቃት ነዋ!" ጀማነሽ ሳቀች።

ልዩ ዶርም ገብታ በመስኮት አየች። ዘበኛው ሌላ ቤተሰብ ሊፈትሽ ሄዷል። ጀማነሽ በሩ አጠገብ ባዶ ፌስታሏን እያጣጠፈች፣ እስኪመለስላት ቆማለች። ታክሲ ይጠፋብሻል፣ ሂጂ ልትላት መስኮቱን ከፈተች። ከዚያ ተወችው፤ ሻንጣዋን ጎትታ ልብሷን ቁም ሣጥን ውስጥ መደርደር ጀመረች።