ለጠያቂው የተቀመጠ መጽሐፍ

የዩኒቨርሲቲው መምህራን የቤተ መጻሕፍቱን የመጽሐፍ ግዢ ሠራተኛ «እትዬ ይጣራ» ይሏታል። አዲስ መጽሐፍ ይገዛልኝ ብሎ የመጣ ሁሉ ከአፏ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ይጣራ» ነውና። እውነቷንም ነው። የተማረ ሰው ጉዱ አያልቅም፤ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የኖረ መጽሐፍ ካልተገዛልኝ ብሎ የሚሟገት ስንቱን አይታለች! ሥርዓቱ ደግሞ ቀላል ነው። መምህሩ የመጽሐፉን ስምና ለምን ትምህርት እንደፈለገው ይጽፋል፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይፈርምበታል፣ እሷ ቤቱ ውስጥ አለመኖሩን ታጣራለች፣ ከዚያ በተራው ይገዛል። የተገዛው መጽሐፍም ዝም ብሎ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። አስቀድሞ ጠያቂው ይጠራል፤ ያገላብጥና «አዎ፣ ያልኩት ይኸው ነው» ይላል። እስከዚያ ድረስ እሷ ዘንድ ይቀመጣል።

አንድ ጊዜ ግን የሚጠራ ሰው የሌለው መጽሐፍ መጣ። ስለ አፈር የሚናገር ነው። የጠየቀው ታላቅ ወንድሟ ነበር።

ወንድም ጋሼ እዚያው ግቢ ውስጥ የአፈር ሳይንስ ያስተምር ነበር። እናትና አባታቸው በልጅነቷ ሲሞቱ ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃት እሱ ነው። ታዲያ ጥያቄውን ይዞ የመጣ ቀን ምን አደረገች? «ዘመዷን ጠቀመች» እንዳልባል ብላ ከሁሉም ሥር አስገባችው። ከእሱ በኋላ ለጠየቁት ሁሉ ተገዛላቸው፤ እሱ ጠበቀ። አልተቀየማትም። ብቅ ባለ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርግና «እሺ እትዬ ይጣራ፣ አፈር ሳልሆን ይደርስልኝ ይሆን?» ብሎ ይስቃል። እሷም አብራው ትስቃለች። አንድ ጠዋት ልቡ ቆመ። መጽሐፉ የገባው ከቀብሩ በኋላ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ሌላ ጠያቂ ቢሆን ለትምህርት ክፍሉ ነግራ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያ ትሰደው ነበር። ይህን ግን መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት፤ ቁልፉንም አንገቷ ላይ አሰረችው። ጠያቂው አላየውማ!

በማግስቱ መሳቢያውን ስትከፍት መጽሐፉን ተገልጦ አገኘችው። በገጹ ጥግ ላይ ቀይ አፈር የነካው የጣት አሻራ አለ፤ ገና እርጥብ ነው። ወንድም ጋሼ ገጽ የሚገልጠው ጣቱን በምላሱ እያራሰ ነበር፤ ያ ጣት ደግሞ ከአፈር ተለይቶ አያውቅም። ስንት ጊዜ ተቆጥታዋለች! ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ቢሰሙ አበደች ነው የሚሏት። በነጋታው አሻራው ጥቂት ገጾች አልፎ ሄዷል። እያነበበ ነው፤ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ።

እያደር ፍርሃቷ ናፍቆት ሆነ። ከሁሉ ቀድማ ቢሮ ትገባለች፤ መሳቢያውን ስባ አሻራውን በዓይኗ ትፈልጋለች። «እንዴት አደርክ፣ ወንድም ጋሼ» ትላለች። አንዳንዴ ከመደርደሪያዎቹ መሀል ጉሮሮ ሲጠረግ ትሰማለች፤ ዞር ስትል ማንም የለም። ክፍሉ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ብርድ አመጣ። ሹራብ ደርባ ተቀመጠች። አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃት ጀመር፤ ይህ መጽሐፍ ከእጇ የወጣ ቀን ወንድሟ ዳግመኛ ይሞትባታል።

አዲሷ መምህርት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። የወንድም ጋሼን ትምህርት የተረከበች፣ ቢሮውንም የወረሰች ለጋ ልጅ ናት።

«እትዬ፣ ይሄ መጽሐፍ እንዲገዛልኝ ነበር» አለች፣ የተፈረመበትን ጥያቄ እየሰጠቻት። «የማስተምርበት የለኝም። በቃሌ ነው ክፍል የምገባው፤ ተማሪዎቹም አውቀውብኛል።»

እትዬ ይጣራ የመጽሐፉን ስም አነበበች። ያው ነው።

«ይጣራ» አለች።

ልጅቷ ተመላለሰች፤ መልሱ ያው «ይጣራ» ሆነ። በሥራዋ ዋሽታ የማታውቅ ሴት፣ የሚጣራውን ነገር ጉልበቷ ሥር ቆልፋ ትቀመጥ? በመጨረሻ ልጅቷ መጥታ እዚያው በቆመችበት አለቀሰች። ተማሪዎቹ ለኃላፊው ከሰዋታል።

«አልቻለችም ብለው ሊያነሱኝ ነው። ከሳቸው በኋላስ ማን ቢመጣ ይችላል፣ እትዬ?»

«ከማን በኋላ?»

«ከወንድምዎ።»

እትዬ ይጣራ የልጅቷን እንባ አየች። ወንድም ጋሼ የሚያለቅስ ተማሪ ሲያይ ምሳውን ትቶ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነበር። ቁልፉን ካንገቷ ፈታች። መጽሐፉን ስታወጣ አሻራው ያለበትን ገጽ አየችው።

«ገና እኩሌታው ላይ ነው» አለች።

«ማን?»

«ውሰጂው። አደራሽን በደንብ ያዢው።»

ቤቷ ገብታ እንደ ቀብሩ ቀን አለቀሰች። በማግስቱ መሳቢያው ባዶ፣ መደርደሪያዎቹም ጭጭ ብለው ጠበቋት። ብርዱ እንኳን ጠፍቷል። «በገዛ እጄ ሸኘሁት» ብላ ሹራቧን አወለቀች።

ብዙም ሳትቆይ አዲሷ መምህርት መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ወንድምዎ… ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር?»

እትዬ ይጣራ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ምን ሰማሽ?»

«ማታ ቢሮውን ቆልፌ ነው የወጣሁት። ጠዋት ስገባ መጽሐፉ ተገልጧል፣ አፈር ነክቶታል። ዛሬ የማስተምረው ምዕራፍ ላይ ነው።» መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይውሰዱልኝ፤ እኔ ፈርቻለሁ።»

መጀመሪያ እትዬ ይጣራ ደስ አላት፤ አልሄደም! ወዲያው ደግሞ ደስታው መረረባት። ለካ እሱ የሚመጣው ለመጽሐፉ ኖሯል፤ ለተማሪዎቹ ኖሯል። አንድም ቀን እሷን ብሎ አልመጣም።

መጽሐፉ ጠረጴዛዋ ላይ ነው። እጇን ዘርግታ ወደ መሳቢያው ማስገባት ትችላለች። እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ወደ ልጅቷ ገፋችው።

«አይነካሽም፣ ልጄ። እያገዘሽ ነው። ስትገቢ ሰላም በይው።»

«እሳቸውስ ሰላምታዬን ይመልሱልኛል?»

«ለእኔ መልሶልኝ አያውቅም» አለች እትዬ ይጣራ። «ላንቺ እንጃ።»