ግግ ነው አሉ

ገሊላ ከተፈጠረች ጀምሮ ተጸያፊ ናት። ጅግጅጋ በአስተማሪነት ከተመደበች አራት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ሰው ቤት ውኃ የምትጠጣው ብርጭቆውን በዓይኗ ሦስቴ ካጠበችው በኋላ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት እግዜር በተቅማጥ ፈተናት። የአምስት ወር ልጇ ኤቢ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከላይም ከታችም እያለ አልጋውን፣ ምንጣፉን፣ የእሷን ደረት አዳረሰው። ቤቱን ብታጥበውም ሽታው አልለቅ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ከሽታው የባሰ ነገር አየች፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለውም።

የባሏ አክስት እትዬ ካሳነሽ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ለማንም ልጅ በሽታ ስም የማያጡ ሴት ናቸው። የኤቢን ድድ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «ግግ ነው!» አሉ። «ጥርሱ ሳይወጣ ከሥር ተልቶ ነው የሚያስቀምጠው። ካልወጣለት ይገድለዋል።»

ጎረቤታቸው ደሃቦም ብቅ ብላ አየችና በሶማልኛ «የቀበሮ ጥርስ» አለችው። ሁለቱ ሴቶች በእጣቢ መድፊያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጣሉ ኖረዋል፤ መስማማት የቻሉት በዚህ ሕፃን አፍ ላይ ነው።

«ሐኪም ቤት ልውሰደው» አለች ገሊላ።

«ሐኪም ግግ አያውቅም። መርፌ ከነካው ደግሞ አለቀለት» አሉ እትዬ ካሳነሽ። ባሏ ናሁሰናይ ከንፈሩን ገጥሞ ተቀምጧል።

እትዬ ካሳነሽ ያስጠሯቸው ግግ አውጪው ጋሽ ዘነበ መጡ። ከኮታቸው ኪስ እድፉ የደረቀ ጨርቅ አውጥተው ፈቱት። ውስጡ ጫፉ የሾለ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው። ጫፉ ላይ ጥቁር ነገር ተጋግሯል።

«ደም ነው?» አለች ገሊላ።

«ኧረ ዝገት ነው፣ ልጄ» አሉ፣ ዝገት መሆኑ ሊያጽናናት የሚገባ ይመስል። ከዚያም ሽቦውን በምራቃቸው አርሰው በሱሪያቸው መቀመጫ ወለወሉት።

ገሊላን አንገሸገሻት። ሰውየው ግን ገና አልጨረሱም። ጫት ያበለዘውን አውራ ጣታቸውን ኤቢ አፍ ውስጥ ከተቱት። ውኃ የጠማው ልጅ ጡት ያገኘ መስሎት ያንን ጣት ይጠባ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አታስታውስም። የራሷን ጩኸት የሰማችው ልጁን ነጥቃ በሩ ላይ ስትደርስ ነው።

«አንቺ ጥጋበኛ!» አሉ እትዬ ካሳነሽ። «ለባልሽም ያስወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሞተ?»

ናሁሰናይ ተነሳ። «አልሞትኩም፤ ጥርሴን ነው ያሳጣችሁኝ» አለና ባጃጅ ሊጠራ ወጣ። የታችኛው ክራንቻው የት እንደቀረ ስትጠይቀው በልጅነቴ ወድቄ ነው ይላት ነበር። አፍሮ ኖሯል።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ሳብሪን የኤቢን እርግብግቢት ዳሰሰች፤ ጎድጉዷል። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ቶሎ አልተመለሰም።

«ግግ የሚባል በሽታ የለም። ልጁ ውኃ ነው ያለቀበት። እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም። ኦ አር ኤሱን፣ የጨውና የስኳሩን ዱቄት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ በጥብጣ በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ታጠጣው ጀመር። ሲያስመልሰው አሥር ደቂቃ ታገሠችውና እንደገና በዝግታ ቀጠለች። «ጡትም እንዳታቋርጪበት። የዚንክ ክኒኑን አሥሩንም ቀን ስጪው፣ ቢሻለውም።»

ከሰዓት በኋላ ኤቢ ሸና። ሲያለቅስም እንባው ወረደ። ያኔ የገሊላ አንደበት ተፈታ፤ ስለ ሽቦው፣ ስለ ምራቁ፣ ስለዚያ አውራ ጣት አንድ ሳታስቀር ለሳብሪን ነገረቻት። ስትናገር ያቅለሸልሻታል፤ መናገሩ ግን ደስ ብሏታል።

«አፉ አልተቆረጠም፣ አይቼዋለሁ» አለች ሳብሪን። «ሰውየው ግን የመጣው ተቅማጡ ከጀመረ በኋላ ነው። አንቺ ሥራ ስትውዪ ልጁ ምን ይጠጣል?»

«የዱቄት ወተት፣ በጡጦ።» ጡጦውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት።

ሳብሪን ክዳኑን ፈትታ የጎማውን ጫፍ ገለበጠችው። ከውጭ የጸዳ ነው፤ ውስጡ ግን አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ተለጥፎበታል። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ገሊላ አፍንጫዋን ያዘች።

«ኤጭ! ምን ዓይነት ቆሻሻ ሰው ነው!»

«ማን ነው የሚያጥበው?» አለች ሳብሪን ቀስ ብላ።

ገሊላ የምትጠራው ስም ፈለገች። ሠራተኛ የላትም። እትዬ ካሳነሽ ያጠጡታል እንጂ አያጥቡትም፤ እጃቸው ስለሚቀፋት ራሷ ከልክላቸዋለች።

«እኔ» አለች።