ጠግቦ የሚቀምሰው ገለታ

ወጥ አልጣመኝም ብሎ ጋዜጣ ላይ የጻፈ ሰው ይታሰር ይሆን? እማማ ሾዴ ይህን ማንን እንደሚጠይቁ አያውቁም። ዘመኑ ጣልያን አገሩን የያዘበት፣ ሰው በትንሽ ነገር የሚወሰድበት ነው። ጋዜጣው የጣልያን፣ ጸሐፊው ደግሞ የልጅ ልጃቸው ገለታ። ሥራው ጉለሌን እየዞረ በየምግብ ቤቱ መብላት፣ የበላውንም መጻፍ ነው። ለዚህም ደመወዝ ይከፈለዋል!

ከእስሩ ሌላ የሚያስጨንቃቸው የሰው ቤት ወጥ ነው። ማን እንደሠራው፣ ምን እንደነካው በምን ይታወቃል? ስለዚህ ገለታ ሊወጣ ሲል ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ይይዙታል።

«ይቺን ብቻ፣ በሞቴ።»

«እምዬ፣ ለመብላት እኮ ነው የምሄደው!»

«ባዶ ሆድህን ሄደህ በሽታ ልትለቅም? ጉረስ!»

ይጎርሳል። ጨጨብሳው ያልቃል፣ እርጎው ይከተላል። ከዚያ የሚጽፈው ሁሉ አንድ ሆነ፤ የዚህኛው ክትፎ ይከብዳል፣ የዚያኛው ፓስታ ያንገፈግፋል። ጣልያኑ አለቃው በመጨረሻ፣ «በጉለሌ አንድ እንኳ የሚጥም ምግብ ካላገኘህ፣ የሚቀጥለው ጽሑፍህ የመጨረሻህ ነው» አለው።

በዚያው ሰሞን፣ ገለታ ዶሮ ወጧን በጋዜጣ ያጣጣለባት ዓለምነሽ ከምግብ ቤቷ ገስግሳ መጥታ እማማ ሾዴ ቤት ሳታንኳኳ ገባች። የገለታ አፍ ሙሉ ነው። እማማ ሾዴ ሌላ ጉርሻ ጠቅልለዋል።

«ቆይ እስቲ! እኔም ጋ እንዲህ በልተህ ነው የመጣኸው?»

ገለታ መናገር ስላልቻለ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ታዲያ እማማ፣ ወጤን ያሰደቡት እርስዎ ነዎት! እኔ ቅቤው ነው ብዬ ከቅቤ ነጋዴዬ ጋር ተጣልቻለሁ!»

«እኔማ ልጄ እንዳይታመም...»

«ምን ይታመማል? ጠግቦ ነው እንጂ!»

ገለታ ሳቅ አምልጦት ትን አለው። እማማ ሾዴ እየተቆጡም እየሳቁም ጀርባውን ደበደቡለት።

«ነገ ተመልሰህ ና» አለች ዓለምነሽ። «ግን ባዶ ሆድህን!»

በማግስቱ የእማማ ሾዴ እጅ አላርፍ ብሎ ጨጨብሳውን ሠራ። ገለታ ለባብሶ በሩ ጋ ሲደርስ ሽታው አቆመው። ሆዱ ጮኸ። እሳቸውም ሰሙት። ቢያጎርሱት እንጀራው ሊቋረጥ ነው። ባያጎርሱትስ? የዚያች ሴትዮ ድስት ታጥቦ ይሆን?

ሳህኑን ነጠላቸው ሥር ደበቁና ከደጃፉ ገለል አሉ። ገለታ ምራቁን ዋጠ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ባዶ ሆዱን ወጣ።